በቀይ ክር የተጻፈ ቃል

የመርፌ ሥራ ባየሁ ቁጥር ገልብጬ ጀርባውን ማየት ያምረኛል። ይህን ያስለመደችኝ እናቴ ናት። የቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ነው ያሳደገችኝ፤ «ሙያ የሚታወቀው በጀርባው ነው፣ ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል» ትለኝ ነበር።

ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ግን ጥልፉ በመስታወት ተጋርዷል። በቀደም በዕረፍት ቀኔ የሳየን ካባ ከሚባለው የካህናት ልብስ ፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ከ1310 እስከ 1320 ባሉት ዓመታት እንግሊዝ ውስጥ የተጠለፈ ነው። ቅዱስ ሚካኤል ዘንዶውን ሲወጋ ይታያል፤ ባለ ስድስት ክንፍ ሱራፌል በመንኮራኩር ላይ ቆመዋል። ከሁሉ ያስደነቀኝ የፊቶቹ አሠራር ነው። የሐሩ ስፌት ጉንጭ ላይ ሲደርስ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ ይጠቀለላል፤ በዚህም ፊቱ ከጨርቁ ወጣ ያለ ይመስላል። የእንግሊዙ ሳየን ገዳም መነኮሳይያት ከአገራቸው ሲሰደዱ ይህን ካባ ይዘውት ሄደዋል፤ የተመለሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ስደተኛ ካባ ነው ማለት ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ሥራ ነው። ስለ ሙዚየሙ ስብስብ ሳነብ የኤሊዛቤት ፓርከርን ጨርቅ አገኘሁ፤ ፎቶግራፉን በስልኬ አጉልቼ መስመር በመስመር ተመለከትሁት። ኤሊዛቤት በ1813 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሳሴክስ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደች፤ ገና በልጅነቷም የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። በ1830 ገደማ የደረሰባትን ሁሉ በተልባ እግር ጨርቅ ላይ በቀይ የሐር ክር ጠለፈችው። አበባ የለው፣ ሐረግ የለው፤ ፊደል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ከጥቃቅን መስቀሎች የተሠራ ነው። መጻፍ ስለማልችል፣ ለምተማመንበት ሰው እንደምናገር አድርጌ በዚህ አሰፍረዋለሁ ብላ ትጀምራለች። የጌታዋን ክፉ ሐሳብ ልታመልጥ ስትል ከደረጃ ላይ መወርወሯን፣ ነፍሷን ለማጥፋት መፈተኗን ትናገራለች። መጨረሻ ላይ ነፍሴ ምን ትሆን ይሆን ስትል ቃሉ በመስመሩ መካከል ይቋረጣል። ከዚያ በታች ባዶ ጨርቅ ነው።

እኔም በ19 ዓመቴ ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤው አገር ሄጄ የሰው ቤት ሠርቻለሁ። በወር አንድ ጊዜ ለእናቴ ስደውል አሠሪዬ ከጎኔ ትቆም ነበር። አማርኛ ባትሰማም ለቅሶን ትለያለች። «ደህና ነኝ እማዬ» እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ አልሁ።

ኤሊዛቤት በኋላ መምህርት ሆና እስከ 76 ዓመቷ እንደኖረች ሳነብ ብቻዬን እልል ማለት ቃጣኝ።

ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ደወልሁና ታሪኩን አንድ ሳላስቀር ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ጀርባውስ እንዴት ነው?» አለች።

«በፎቶግራፍ ነው ያየሁት እማዬ፤ ጀርባው አይታይም።»

ጥቂት ቆየች። «አንቺስ ልጄ፣ ያን ጊዜ ደህና ነኝ ስትይኝ እውነትሽን ነበር?»

ስልኩን የዘጋነው ሊነጋጋ ሲል ነው።