የጣሳ ወተት ፍለጋ

ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ እህቴ በኦፕራሲዮን ከተገላገለች ጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ነርሷ የሕፃኑ ስኳር መውረዱን ነግራን የጣሳ ወተት ገዝተን እንድናመጣ ስላዘዘችን፣ ክፍት የሚያድር ፋርማሲ ፍለጋ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ዞርኩ። ባለ 400 ግራሙን ጣሳ ይዤ ስመለስ ሕፃኑ የጠጣው፣ በቡና ሲኒ ተበጥብጦ፣ ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ ቀሪው አሁንም ኮመዲኖው ላይ ተቀምጧል። (እማዬ በመሀል ለጋ ቅቤ እናልሰው ብላ ነበር፤ የነርሷ ዓይን ዝም አሰኛት።)

እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው ደንብ አምራቾች ለእናቶች የናሙና ወተት እንዳያድሉ ይከለክላል፤ ጡጦ የለመደ ሕፃን ጡት ለመያዝ ሊቸገር ስለሚችልና ጡት ካልተጠባ ወተቱም ስለሚቀንስ ክልከላውን እደግፈዋለሁ። ለእያንዳንዱ አራስ ወተት ይታደል የምል አይደለሁም። ነገር ግን ሆስፒታል ሐኪም ላዘዘላቸው ጥቂት ሕፃናት በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ቢያስቀምጥ ደንቡ አይከለክለውም፤ ግሉኮስና ጓንት የሚደረደርበት መደርደሪያ ለሁለት ጣሳ ወተት ቦታ አያጣም።

ማለዳ ላይ እህቴ እንገሯን ጠብ ጠብ እያደረገች በማንኪያ ሰጠችው፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ራሱ ጡቷን ያዘ።