ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ ትኬት አትሽጡ

በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ 41 ጊዜ በአማተርነት ከተጋጠምሁ በኋላ ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ ተሻግሬ፣ በ11ኛው ግጥሚያዬ በ59 ኪሎ ግራም የክብደት ምድብ የዌልስ ሻምፒዮን ሆኛለሁ። ከዚያ ምሽት ወዲህ በዚህ አገር የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ልምምድ፣ ስለ አመጋገብና ክብደት ስለ መቀነስ ነው፤ ስለ ወረቀት የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም። እኔም በጊዜው አልጠየቅሁም፤ ያስጠነቀቀኝም ሰው አልነበረም። ሁለት ወረቀቶች ላይ የነበረ ስሕተት ከስፖርት ዕድሜዬ ሰባት ወር ወስዶብኛል፤ ዛሬም ባስታወስሁት ቁጥር ያናድደኛል። ሌላ ልጅ በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ስል በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ካርዲፍ የመጣነው በ2006 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ያን ጊዜ 12 ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛ ስለማልችል በትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ዝም ብዬ እውል ነበርና፣ የጎረቤታችን የሶማሌ ልጅ ወደሚለማመድበት የቦክስ ክበብ ይዞኝ ሄደ። የክበቡ ግድግዳ በአሮጌ ፎቶግራፎች የተሸፈነ ነበር። 49 ኪሎ እንኳ የማይሞላው፣ ከታይለርስታውን የከሰል ማዕድን መንደር ወጥቶ እስከ 1923 ድረስ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ የቆየው ጂሚ ዋይልድ፣ የካርዲፉ ጂም ድሪስኮል፣ በ1937 በኒውዮርክ ከዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ከጆ ሉዊስ ጋር ተጋጥሞ 15ቱንም ዙር ሳይወድቅ የጨረሰው ቶሚ ፋር ነበሩበት። አሰልጣኜ ለአዲስ ልጅ ጓንት ከመስጠቱ በፊት በእነዚያ ፎቶግራፎች ፊት አቁሞ ታሪካቸውን ይነግረው ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር እነዚህን ሁሉ ማፍራቷ የእኔም ኩራት የሆነው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ስለ አማተሩ ዘመን ብዙ የምለው የለኝም። ክበብ ውስጥ መመዝገብ፣ የሕክምና ካርድ ማውጣት፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ዙሮችን መጋጠም፣ ቅዳሜ ተሸንፎ ሰኞ ወደ ልምምድ መመለስ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ቶሎ ፕሮፌሽናል እንድትሆኑ የሚገፋፏችሁን አትስሙ። የዌልሱ ጆ ካልዛጊ ወደ ፕሮፌሽናሉ የገባው ከ1991 እስከ 1993 በሦስት የተለያዩ የክብደት ምድቦች ሦስት ተከታታይ የብሪታንያ የአማተር ዋንጫዎችን ከወሰደ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ 46 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ጡረታ ወጣ። ሎረን ፕራይስም በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ ካገኘች በኋላ በ2022 በ27 ዓመቷ ገብታ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በካርዲፍ የመጀመሪያዋ ሴት የዌልስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። «ወጣት ሳለህ ግባ» የሚለው ምክር ከሚመከረው ልጅ ይልቅ ትኬት ለሚሸጥለት ሰው የሚጠቅም ምክር ነው።

እኔ በ23 ዓመቴ ፈቃድ ለመጠየቅ ወሰንሁ። በብሪታንያ ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ለመሆን በ1929 የተቋቋመው የብሪታንያ የቦክስ ቁጥጥር ቦርድ ፈቃድ መስጠት አለበት፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚያው ካርዲፍ ነው። ሙሉ የሰውነት ምርመራ፣ የዓይን ምርመራ፣ የኤችአይቪና የሁለት ዓይነት የጉበት ቫይረስ የደም ምርመራ፣ የጭንቅላት ምስል፣ የማናጀር ውል፣ በመጨረሻም በቦርዱ የአካባቢ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። ደሙንና ዓይኑን በአንድ ሳምንት ጨረስሁ። የተበላሸው የጭንቅላቱ ምስል ነው።

የሚያስፈልጉትን ነገሮች የሚዘረዝረው ወረቀት ሁለት ገጽ ነበር። እኔ ያነበብሁት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው። ማናጀሬ «የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነሥተህ ውጤቱን አምጣ» ስላለኝ፣ ሁለተኛውን ገጽ ማንበብ አስፈላጊ አልመሰለኝም። በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ለአዲስ አመልካች ሁለት ዓይነት ምስል እንደሚያስፈልግ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ አንደኛው የአንጎልን አካል የሚያሳየው ኤምአርአይ፣ ሁለተኛው የአንጎልን የደም ሥሮች የሚያሳየው ኤምአርኤ ነው። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ደውዬ ለቦክስ ፈቃድ እንደሆነ ተናገርሁና የጭንቅላት ኤምአርአይ ብቻ አዘዝሁ። በመጋዘን የሌሊት ሥራ ካጠራቀምሁት ገንዘብ 380 ፓውንድ ከፍዬ ተነሣሁ። ለቦክስ ፈቃድ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም እንደሚፈልግ ማወቅ የሚገባቸው እነርሱ ነበሩ፤ ሁለተኛው ምስል ደግሞ እዚያው ማሽን ውስጥ እንደተኛሁ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚጨምር ነበር። የጠየቀኝ የለም። ከስምንት ቀን በኋላ «ምንም ችግር አልታየም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝና በደስታ ላክሁት።

የመጀመሪያ ግጥሚያዬ ቀን ከዚያ በፊት ተቆርጦ ነበር። በትንንሽ ዝግጅቶች ትኬት የሚሸጠው ቦክሰኛው ራሱ ነው፤ ማናጀሬም፣ ዝግጅቱን የሚያዘጋጀው ፕሮሞተሩም ፈቃዱን ሳልጠብቅ መሸጥ እንድጀምር ነገሩኝ፤ «ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ይደርሳል» የሚለው ቃላቸው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። እኔም አመንኋቸውና በ40 ፓውንድ ሒሳብ 86 ትኬት ሸጥሁ። ሠላሳ ያህሉን የሸጠችልኝ እናቴ ናት፤ ከገዢዎቿም አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ የቦክስ ግጥሚያ አይተው የማያውቁ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ነበሩ።

ግጥሚያው 24 ቀን ሲቀረው የደም ሥሮቹ ምስል እንደጎደለ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቦርዱ መጣ። ወደ ክሊኒኩ ስደውል፣ ያዘዝሁት አንድ ምርመራ ብቻ እንደሆነና ለሁለተኛው አዲስ የሐኪም ማዘዣ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ለመጀመሪያው የፈረመው የክሊኒኩ ሐኪም ዕረፍት ወጥቶ ስለነበረ ማዘዣውን ከሰፈሬ ጤና ጣቢያ እንዳመጣ አዘዙኝ። አመጣሁ፤ እንደገናም ከፍዬ ግጥሚያው 11 ቀን ሲቀረው ተነሣሁ። ውጤቱ ንጹሕ ነበር። በውጤቱ ላይ የተጻፈው የትውልድ ዓመት ግን 1986 ይል ነበር።

እኔ የተወለድሁት ጥር 14 ቀን 1986 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፓስፖርቴ ላይ ያለው ጃንዋሪ 22 ቀን 1994 ነው። እናቴ አገሩ በገባን በመጀመሪያው ወር ጤና ጣቢያ ስታስመዘግበኝ የምታውቀውን ዓመት ጻፈች፤ ማንም አላረማትም፣ እኔም በ11 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላየሁትም። የጤና ጣቢያው ማዘዣ ያንን ዓመት ይዞ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። በዚህ ምክንያት በአንድ ስም ሁለት ምስል ቀረበ፤ አንዱ የ23 ዓመት፣ ሌላው የ31 ዓመት ሰው። ሁለት ሰው የሚመስል ፋይል ይዞ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ክሊኒኩ «ከጤና ጣቢያው የማረሚያ ደብዳቤ ካልመጣ አንነካውም» አለ። ጤና ጣቢያው ደግሞ ፓስፖርቴን፣ የመኖሪያ ማስረጃዬንና የጽሑፍ ማመልከቻ ተቀብሎ እንድጠብቅ ነገረኝ። አንዲት የመዝገብ ሠራተኛ «ከሁለቱ የትኛው ነው እውነተኛው ቀንህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም እውነት እንደሆኑ፣ የሚለያዩት የቀን መቁጠሪያዎቹ እንደሆኑ ላስረዳት ስሞክር፣ የሚያጭበረብር ሰው እንደምትመለከት ሆና ተመለከተችኝ። በየሳምንቱ ሄድሁ፤ በየሳምንቱም ፋይሉ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የግጥሚያው ቀን አለፈ። ማረሚያው እስኪወጣ፣ ክሊኒኩ ውጤቱን እንደገና እስኪጽፍና ምክር ቤቱ ፊት እስክቀርብ ድረስ ሰባት ወር ሞላ።

በእነዚህ ወራት የተናደድሁት በምርመራው ሕግ አይደለም። አሰልጣኜ መማረሬን ሲሰማ አንድ እሑድ በባቡር ወደ መርቲር ቲድቪል ወሰደኝና በጆኒ ኦወን ሐውልት ፊት አቆመኝ። ጆኒ ኦወን በሴፕቴምበር 1980 በሎስ አንጀለስ ለዓለም ሻምፒዮናነት ከሜክሲኳዊው ሉፔ ፒንቶር ጋር ተጋጥሞ በ12ኛው ዙር በዝረራ ወደቀ፤ ሳይነቃም ከሰባት ሳምንት ያህል በኋላ በ24 ዓመቱ አረፈ። ከሞቱ በኋላ የራስ ቅሉ ከተለመደው የሳሳ እንደነበረ ታወቀ። ሐውልቱ በ2002 ሲመረቅ መጋረጃውን የገለጠው ራሱ ፒንቶር ነው፤ እንዲመጣ የጠየቁትም የሟቹ አባት ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ምስሉ አስፈላጊነት አንድ ቃል አማርሬ አላውቅም። ንዴቴ ሥራቸውን በግማሽ በሠሩት ሰዎች ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለተኛውን ገጽ ባላነበብሁት በእኔ ላይ ነው።

የሁሉ የከፋው ትኬቱን መመለስ ነበር። ዝግጅቱ ያለ እኔ ተካሄደ፤ ፕሮሞተሩም «ትኬቱ ይሠራል፣ ገብተው ሌሎቹን ይዩ» ብሎ ገንዘቡን አልመልስም አለ። ለእኔ ብለው የከፈሉ ሰዎች ስለነበሩ 3,440 ፓውንዱን ከራሴ ኪስ ለመመለስ ወሰንሁ፤ የአምስት ወር የሌሊት ደመወዜም በዚያ አለቀ። ከእናቴ ጋር ቤት ለቤት ዞርን። በእያንዳንዱ ቤት ቡና ይፈላል፣ እናቴም አቀርቅራ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ጥፋቱ የእርሷ የቀን አጻጻፍ እንደሆነ ታምን ነበርና ሐሳቧን ላስለውጣት አልቻልሁም። አንድ አዛውንት ገንዘቡን ስዘረጋላቸው እጄን መልሰው አጠፉት። «ልጄ፣ እኔ የከፈልሁት ለአንተ እንጂ ለድብድቡ አይደለም» አሉኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው። የመጀመሪያውን ግጥሚያ በአራት ዙር በነጥብ አሸነፍሁ። አሥራ አንደኛው ላይ ከመድረሴ በፊት ሁለት ጊዜ ተሸነፍሁ፤ ሁለተኛው ሽንፈት ሁሉም ነገር ያበቃ አስመስሎብኝ ነበር። ያጽናናኝ የካርዲፉ ስቲቭ ሮቢንሰን ታሪክ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፎ የነበረው ይህ ሰው በኤፕሪል 1993 ግጥሚያው ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው ተጠርቶ ሄደና የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ። የእኔ የሻምፒዮና ግጥሚያ አሥር ዙር ነበር። ነጥብ የሚይዘው የመሐል ዳኛው ብቻ ስለነበረ፣ በመጨረሻ እጄን እስኪያነሣ ድረስ አልተነፈስሁም፤ 96 ለ95 ነበር። እናቴ ከ11 ግጥሚያዎቼ ያየችው ያንን ብቻ ነው፤ ያንንም አብዛኛውን ዓይኗን ጨፍና ነው ያሳለፈችው።

አሁን ለሚጀምር ልጅ የምለው ከማናጀሮቹ ምክር ጋር አይስማማም። እነርሱ ወረቀቱን ለእኛ ተውት ይላሉ፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ገጽ ራሳችሁ አንብቡ፣ ሁለቱንም ምስሎች በአንድ ቀጠሮ እዘዙ፣ ውጤቱንም በእጃችሁ ያዙ እላለሁ። ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በመዝገባችሁ ላይ ያለውን የትውልድ ዓመት በዓይናችሁ እዩ፤ በልጅነታችሁ ከአገር ቤት የመጣችሁ ከሆነ ይህ ከልምምድ ይቀድማል። ትኬትን በተመለከተ ፕሮሞተሩ ቢቆጣም እንኳ ፈቃዱ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ አንድም አትሽጡ። በትንንሽ ዝግጅቶች የተጋጣሚያችሁ ክፍያ ሳይቀር የሚወጣው እናንተ ከምትሸጡት ትኬት ነው፤ ከሚተርፈው ላይ በእኔ ውል ማናጀሩ 25 በመቶ፣ አሰልጣኙ 10 በመቶ ይወስዱ ነበር። ስለዚህ ይቸኩላሉ። የምትሸጡላቸው ሰዎች ግን ነገም በየቤተ ክርስቲያኑና በየለቅሶው የምታገኟቸው የእናንተው ሰዎች ናቸው።

ምስሉን በየዓመቱ እንደገና እነሣለሁ፤ ውጤቱ ሲመጣም ከሁሉ በፊት የማነበው የትውልድ ዓመቱን ነው። ከ86ቱ ገዢዎች መካከል፣ አልቀበልም ካሉኝ አዛውንት ሌላ፣ ገንዘቡን ያልመለስሁለት አንድ ሰው ቀርቷል። በመጋዘኑ አብሮኝ ይሠራ የነበረ የጎንደር ልጅ ነው፤ ዝግጅቱ ሳይደርስ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ስልኩም ተቀየረ። 40 ፓውንዱ ስሙ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ሆኖ በእናቴ የዳዊት መጽሐፍ መካከል ተቀምጧል።