የፎቶ ሙሽሮችን ልቦለድ ስናነብ፦ እስካሁን የደረስንበት

ባሎቻቸውን በፎቶ ብቻ አይተው ወደ አሜሪካ ስለተሻገሩ ጃፓናውያን ሴቶች ሁለት ልቦለዶች፣ አንድ አጭር ልቦለድና አንድ ፊልም ጨርሰናል። ለምትጀምሩ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ምክር፦ ወደቡ ላይ አትቁሙ። ሙሽራይቱ ፎቶውን ይዛ ከመርከብ ወርዳ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሲቀበላት የአንባቢ ልብ እዚያው ይቀራል። የቆየ ፎቶ የላኩ፣ በተዋሱት ሱፍ የተነሡም ነበሩ፤ እውነት ነው። ታሪኩ ግን የሚከብደው ከዚያ በኋላ ባለው ሥራና ሕግ ነው።

መጽሐፉን ሳትከፍቱ አምስት ዓመታት ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው። በ1908 በጃፓንና በአሜሪካ መንግሥታት ስምምነት አዲስ የጉልበት ሠራተኛ መግባቱ ቀረ፤ ሚስት ግን ትገባለች፤ የፎቶ ጋብቻ የበዛው ለዚህ ነው። በ1913 ካሊፎርኒያ ዜግነት ለማይፈቀድላቸው ሰዎች (ጃፓናውያን ስደተኞችም ከእነዚህ ነበሩ) የእርሻ መሬት መግዛትን ከለከለች፣ ኪራዩንም በሦስት ዓመት ገደበች። ስለዚህ ቤተሰቡ በየጊዜው ጓዙን ሲጠቀልል ባልየውን መቀመጫ የሌለው ሰው አትበሉት፤ የሚያስነሣው ሕጉ ነው። በ1920 ጃፓን ወደ ዋናው አሜሪካ ለሚሄዱ የፎቶ ሙሽሮች ፓስፖርት መስጠት አቆመች፤ በ1924 ለጃፓናውያን ስደተኞች በሩ ተዘጋ፤ በ1942 ደግሞ በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩት ጃፓናውያንና ልጆቻቸው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ።

አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፦ «ካልወደደችው ለምን አትመለስም?» የሴቲቱ ስም በባልየው ቤተሰብ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ጃፓን ውስጥ ጋብቻው ጸንቷል፤ መርከብ ስትሳፈር ሚስት ናት። የአሜሪካ ሹሞች እስከ 1917 ድረስ ይህን ስላልተቀበሉት ወደቡ ላይ ብዙ ጥንዶችን በአንድነት ያጋቡ ነበር። እኛ ሽማግሌ ተልኮ ሲጋቡ ማየት ስለለመድን ሳይተዋወቁ መጋባታቸው አያስደነግጠንም፤ ይህ ይረዳል፣ ግን ያዘናጋልም። እኛ ዘንድ ያጋባው ሽማግሌ ጠብ ሲነሣ ይጠራል። የእነዚህ ሴቶች አማላጅም ወላጅም በአብዛኛው ባሕር ማዶ ቀርተዋል። በየምዕራፉ «አሁን ለማን ትናገር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለመጀመር የዮሺኮ ኡቺዳ «የፎቶ ሙሽራ» ይሻላል። ከ1917ቱ ጉዞ እስከ ዩታ በረሃው የቶፓዝ ካምፕ ድረስ አንዲት ሴት፣ ሃናን፣ በቅደም ተከተል ይከተላል፤ ዓመታቱን ከወረቀታችሁ ጋር ማመሳከር ቀላል ነው። የጁሊ ኦትሱካን «ቆጥ ላይ ያለው ቡድሃ» ሁለተኛ አድርጉት። ተራኪው «እኛ» ነው፤ ዋና ገጸ ባሕርይ የለም። ስም እየመዘገቡ ጀግና የሚፈልጉ መሐል ላይ ይደክማሉ። አንዱን ምዕራፍ በአንድ ቁጭታ ጨርሱ፤ ከስም ይልቅ ሥራውን (እርሻ፣ ልብስ ማጠብ፣ የሰው ቤት) በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጉ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ «እኛ» የሚሉት ነጮቹ ጎረቤቶች ናቸው፤ ይህን የሳተ መጽሐፉን ስቶታል።

የካዮ ሃታ ፊልም ሃዋይ ነው፣ የሸንኮራ እርሻ፤ የካሊፎርኒያውን መሬት ሕግ እዚያ አትፈልጉት። ሠራተኛው በብረት ላይ በተቀረጸ ቁጥር ይታወቃል፤ የደረቀውን የአገዳ ቅጠል መግፈፍ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው፣ ሴቶቹ የሚዘፍኑት ዘፈንም ከዚያ የወጣ ነው። ማታ ለወንደላጤዎች ልብስ እያጠቡ የሚያገኙትን ገንዘብ ተከታተሉ፤ የመመለስ ተስፋ በእሱ ይለካል።

ከሁሉ የበለጠብን የሂሳዬ ያማሞቶ የ1949 አጭር ልቦለድ፣ «ዐሥራ ሰባት ቀለማት» ነው። እናት ለጋዜጣ ሃይኩ (ዐሥራ ሰባት ቀለም፣ ማለትም ክፍለ ቃል፣ ያለው የጃፓን አጭር ግጥም) ትጽፋለች፤ ጋብቻዋን ያመቻቸችላት አሜሪካ ያለች እህቷ ናት። ሁለት ጊዜ አንብቡት። መጀመሪያ ልጅቷን ሮዚን ተከተሉ፤ የእናቷን ጃፓንኛ በደንብ ሳይገባት እንደገባት ታስመስላለች፣ እኛም የምንሰማው በእሷ ጆሮ ነው። በሁለተኛው ዙር ቲማቲሙን ተከተሉ። ሙቀቱ በርትቷል፣ ምርቱ ሳይበላሽ መለቀምና መደርደር አለበት፤ የጋዜጣው ሰው እናት በሃይኩዋ ያሸነፈችውን የሽልማት ሥዕል ይዞ የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነው። የአባት ቁጣ ቅናት ብቻ ከመሰላችሁ ግማሹ አምልጧችኋል፤ የዓመት ገቢያቸው ሜዳ ላይ ነው። ሥዕሉን ማቃጠሉን ግን ምንም ምርት አያስተሠርይለትም፤ እናት ታሪኳን ለልጇ የምትነግረውም ሥዕሉ ሲቃጠል ከታየ በኋላ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወታደር አግብተው የሄዱትን ከእነዚህ ጋር አትቀላቅሏቸው፤ ሕጉም ዘመኑም ሌላ ስለሆነ ለብቻ ይነበቡ። የእኛ ቀጣይ ሥራ የኡቺዳንና የኦትሱካን የ1942 ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ እያንዳንዷ ሴት ምን እንደያዘች፣ ምን እንደተወች መዘርዘር ነው።