ደሴ ላይ ፓስታ መቀቀል፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን ፓስታዬ ተስተካክሏል። በጣም ደስ ብሎኛል። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ይደገመኝ ማለት ጀምሯል። ስለዚህ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ ደሴና ዙሪያዋ ላላችሁ።

የመጀመሪያውን ነገር ብዙ አላወራውም። ሰፋ ያለ ድስት፣ ለግማሽ ኪሎ ፓስታ ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ፣ በሊትር 10 ግራም ያህል ጨው። ውሃው ሲንፈቀፈቅ ፓስታውን ሳትሰብሩ ትከታላችሁ። የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ከድስቱ አትራቁ፤ አማስሉ። ፓስታ እርስ በርሱ የሚጣበቀው ያኔ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ስታርች አብጦ ሙጫ ሲሆን። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ነካ ማድረግ ይበቃዋል።

ውሃው ውስጥ ዘይት መጨመርን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ ታች ያለውን ፓስታ አይነካውም። ስታጠልሉት ግን ይለብሰዋል፤ ያኔ ስጎው እየተንሸራተተ ሳህኑ ሥር ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅም እንደዚሁ ነው። ስጎውን የሚይዘውን ስታርች አጥቦ ይወስደዋል። ለሰላጣ ከሆነ አለቅልቁት፤ በስጎ ለሚበላ ግን በፍጹም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ የፓስታው መሃል ነው። ፓኬቱ 8 ደቂቃ ይላል። በ8 ደቂቃ ሳወጣው መሃሉ ጥሬ ነው። ትንሽ ልቆይ ስል ደግሞ ላዩ ሙክክ ብሎ መሃሉ አሁንም ድርቅ ይላል። ሰው ሁሉ የሚመክረው «እሳቱን ጨምሪበት» ነው።

ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ስሄድ ግን ያው ፓስታ ቶሎ ይደርሳል። ምድጃው አይደለም፤ የእሷም እንደኔው ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ስቶቭ ነው። ልዩነቱ ሐረጎ ነው፣ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው ቁልቁለት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁለቱ ጆሮ ይደፍናል። ጆሮ የሚደፍነው የአየር ግፊት ድስቱ ውስጥም ይገባል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያ 8 ደቂቃ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃን አስቦ የተጻፈ ነው።

እዚህ ላይ እሳት መጨመር ምንም አይሠራም። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ሙቀቱ አይጨምርም። እሳቱ ሲበረታ የሚበዛው እንፋሎቱ ነው፤ ውሃው ያልቃል፣ ፓስታው እየተጋጨ ላዩ ይላላጣል። ጨው የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ግን ለሊትር 10 ግራም ጨው ለውጡ ከሩብ ዲግሪ በታች ነው። ጨውን ለጣዕም ብላችሁ ጨምሩ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሰዓቱን ትቼ ፓስታውን ማየት ጀመርኩ። ከ8 ደቂቃ በኋላ በየደቂቃው አንድ ዘለላ በሹካ አወጣለሁ። በጥፍሬ ቆርጬ የተቆረጠውን ፊት ወደ መብራት አዞረዋለሁ። መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል። መጀመሪያ የክብሪት እንጨት ጫፍ ያህላል፣ ቀጥሎ የመርፌ ጫፍ ያህላል፣ ከዚያ ይጠፋል። ያ ነጭ ነገር ውሃ ያልደረሰው ደረቅ ስታርች ነው። ነጥቡ የመርፌ ጫፍ ሲያህል አወጣዋለሁ። ደሴ ላይ ይህ የሚሆነው 11ኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ ወፈር ላለው ስፓጌቲ 12 ወይም 13። በጥርስ መሞከርም ይቻላል። ዓይን ግን ቀድሞ ያያል፣ ምላስም አያቃጥልም።

እማዬ «ፓስታ ልስልስ ካላለ ሆድ ይነፋል» ትላለች። ለእሷ 2 ደቂቃ እጨምራለሁ። እኔ የምጣላው ከለስላሳ ፓስታ ጋር አይደለም። እስከ መሃሉ እኩል የለሰለሰ ፓስታ አንድ ነገር ነው፤ ላዩ ቦክቶ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ሌላ።

ከሁሉ የወደድኩት ዘዴ ደግሞ መንከር ነው። ብዙ ሰው ስነግረው አያምነኝም። ደረቅ ስፓጌቲውን በሰፊ ትሪ ላይ አጋድሜ ቀዝቃዛ ውሃ አለብሰውና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እተወዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስቴ በእጄ እለያየዋለሁ። ውሃው ቀስ እያለ እስከ መሃል ይገባል። ፓስታው ነጣ ብሎ እንደ እርጥብ ገመድ ይተጣጠፋል እንጂ አይጣበቅም፤ ስታርቹ ሙጫ የሚሆነው ሲሞቅ ነው። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ስታርች ለመብሰል 100 ዲግሪ አይፈልግም፣ ከ70 ብዙም የማይርቅ ሙቀት ይበቃዋል። የደሴ 92 ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው። የጎደለው መሃል ድረስ የሚገባው ውሃ ነበር፣ እሱም አስቀድሞ ገብቷል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቀን፣ ወይ ከሰል መቆጠብ ሲያስፈልግ፣ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ፕሬዠር ኩከር የምትሉ አላችሁ። በእርግጥ ሙቀቱን ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ለባቄላና ለሥጋ ደሴ ውስጥ ያለ እሱ ኑሮ ከባድ ነው። ለፓስታ ግን አልወደውም። ፓስታ አረፋ ያበዛል፣ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ሊደፍነው ይችላል። ከፍቶ ማየትም አይቻልም። ነጭ ነጥቡን ካላየሁ እንዴት ላውቅ ነው?

ስጎውን ባጭሩ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አታቁላሉት፤ ወጥ አይደለም። በዘይት በቀስታ ይለስልስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈጨ ቲማቲም፣ ትንሽ የቲማቲም ድልህ፣ መጨረሻ ላይ በሶብላ። ለጾምም ይሆናል። ዋናው ነገር የተቀቀለበትን ውሃ አለመድፋት ነው። ከማጥለላችሁ በፊት በጭልፋ አንድ ሁለት የቡና ስኒ ቅዱ። ፓስታውን ስጎው ውስጥ ከታችሁ ከዚያ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እሳት ላይ አገላብጡት። ውሃው ውስጥ ያለው ስታርች ዘይቱንና ቲማቲሙን ያዋህዳቸዋል። ዘይቱ ለብቻው ቀይ ሆኖ ዳር ላይ መቆሙ ይቀራል። ፓስታው ስጎው ውስጥ ይበስላል ብላችሁ ግን በጣም ጥሬውን አታውጡት። ወፍራም ስጎ ውስጥ ውሃ ቶሎ አይገባለትም። የመጨረሻዋን 1 ደቂቃ ብቻ ለስጎው ተዉለት።

ስትገዙም ፓኬቱን አገላብጡና ከምን እንደተሠራ አንብቡ። ዱረም ስንዴ የሚለውን እመርጣለሁ። ጠንካራ ስንዴ ስለሆነ የደሴን ረጅም ደቂቃ ይችላል። ከተራ የዳቦ ዱቄት የተሠራው 12 ደቂቃ ሲቆይ ይፈርሳል፣ ውሃውም አጥሚት ይመስላል። አገራችን የዱረም ስንዴ ዓይነት ከሞላባቸው አገሮች አንዷ ናት። የወሎ ደጋም ያበቅለዋል። ስለዚህ ደህና ፓስታ ከውጭ ካልመጣ አይባልም።

ገና ያልተፈታልኝ መኮረኒ ነው። ስነክረው ጫፍ ጫፉ ቀድሞ ይለሰልስና ሲቀቀል ይሰነጠቃል። የመንከሪያውን ሰዓት ወደ 45 ደቂቃ ዝቅ አድርጌ እየሞከርኩ ነው፣ ትንሽ ተሻሽሏል። የሠራላችሁ ካላችሁ ደቂቃውን ከነከተማችሁ ጻፉልኝ። ኮምቦልቻና ባቲ ያላችሁ በተለይ፣ የእናንተ ከእኔ ማጠር አለበት።