የቲርጋርተን ዛፎች

ዛሬ ከሥራ በኋላ በበርሊኑ ቲርጋርተን ውስጥ ረጅም የእግር ጉዞ አደረግኩ። በከተማው እምብርት ያለ ሰፊ ደን ነው። ድሮ መሳፍንቱ የሚያድኑበት የታጠረ ቦታ ነበር። በ1742 እ.ኤ.አ. የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ አጥሩን አስነስቶ ለሕዝብ ከፈተው።

ልቤን የነካው ግን የቅርቡ ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የድንጋይ ከሰል ጠፋ። ክረምቱ ደግሞ አይጣል ነው! ሰዉ ዛፉን እየቆረጠ አነደደው። ከ200,000 ገደማ ዛፎች የተረፉት 700 ያህል ብቻ ነበሩ። ባዶው መሬት ታርሶ ድንችና አትክልት ተተከለበት። እኔ ማንንም አልወቅስም። ልጁ በብርድ ሲንቀጠቀጥ እያየ ለዛፍ የሚሳሳ ወላጅ የለም።

መልሶ መትከል የተጀመረው በማርች 1949 ነው፤ ምዕራብ በርሊን ገና በሶቪየቶች ከበባ ውስጥ እያለች። ከንቲባው ኤርንስት ሮይተር የመጀመሪያዋን የሊንደን ችግኝ ተከሉ። ሌሎች የጀርመን ከተሞች 250,000 ገደማ ችግኝ ለገሱ። የየብሱ መንገድ ዝግ ስለነበር ችግኝ ሳይቀር በአውሮፕላን ገባ። አስቡት፣ ዱቄትና ከሰል በአየር በሚመጣበት ጊዜ ለችግኝ ቦታ ተገኘ! ይሄ ለእኔ በጣም ትልቅ ነገር ነው።

በርሊን ያላችሁ ወገኖች፣ አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ታሪኩንም እዚያው ዛፎቹ ሥር ንገሯቸው።