የስኳር ኩላሊት ወገብ አያምም
ዛሬ አክስቴን ለስኳር ክትትላቸው ይዤ ከአዘዞ ወጣሁ። ደስ ብሏቸዋል። ሰሞኑን ስኳራቸው ወርዷል፣ እንዲያውም አንዳንዴ በጣም እየወረደ ያልባቸዋል፣ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ እሳቸው ግን "ጾሙ ነው የጠቀመኝ" ይላሉ። ዶክተሯ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተቀየረ። ለካ ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ በዚያው በድሮው መጠን እየተወጉ ስኳሩ ያለ ልክ ሊወርድ ይችላል። ማን ያስበዋል?

ወዲያው የሽንትና የደም ምርመራ ታዘዘ። የሽንቱ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን እየፈሰሰ እንደሆነ ያሳያል፣ የደሙ ደግሞ ክሬቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ ምን ያህል እንደተጠራቀመ ያሳያል። አልቡሚኑ ሽንት ውስጥ ካለው ክሬቲኒን ጋር ተነጻጽሮ፣ ለአንድ ግራም ክሬቲኒን 30 ሚሊግራም ከደረሰ ያሳስባል፣ ግን ኢንፌክሽንና ትኩሳትም ከፍ ስለሚያደርጉት በአንድ ውጤት አይፈረድም፣ ይደገማል።

እኛ ሰፈር ኩላሊት ሲባል ሁሉም ወገቡን ነው የሚይዘው። የስኳር ኩላሊት መጀመሪያ ላይ ምንም አያምም! እግር እስኪያብጥ፣ ሽንት አረፋ እስኪሠራ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት በሽታው ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዓይነት 1 ያለበት ከ5 ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ ሁለቱንም ምርመራ ያድርግ። ግፊቱንም ይለካ።

ከአክስቴ ቦርሳ ደግሞ ዲክሎፌናክ ወጣ፣ ለጉልበታቸው ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡት። ኩላሊት ይጎዳል ተብሎ ሲከለከሉ ተቆጡ፦ "ታዲያ ጉልበቴን ምን ላድርገው?" ፓራሲታሞል ታዘዘላቸው፣ ብዙም አልተዋጠላቸውም። ኢንሱሊናቸው ተቀንሷል። ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል።