የህንድን ፊልም ካን ድረስ የሚያደርሱት ሰዎች

የህንድ ፊልም ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ቪዲዮ ቤት ነው፣ ሶስት ሰዓት ሙሉ ዘፈን፣ ለቅሶ፣ ብቻውን ሀያ ሰው የሚዘርር አክተር። እኔ ያደግኩት በሱ ነው አሁንም ካገኘሁ አያለሁ። ካን፣ በርሊን፣ ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ የሚገባው የህንድ ፊልም ግን ሌላ ዓለም ነው፣ እና ሰሞኑን ያንን የሚመርጡት እነማን ናቸው እያልኩ ሳነብ ከረምኩ።

የህንዱ ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ ፓተር ፓንቻሊ የሚባለው ፊልሙ እንዴት እንደወጣ ታውቃላችሁ? በ1954 (በፈረንጆቹ ነው የማወራው) ሞንሮ ዊለር የሚባል የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም (ሞማ) ሰው ካልካታ ይመጣል፣ ፊልም ፍለጋ እንዳይመስላችሁ፣ ለህንድ ጨርቃ ጨርቅና ጌጣጌጥ ኤግዚቢሽን ነው የመጣው። እዛ ገና ካላለቀው ፊልም የተወሰዱ ፎቶዎች አየና በቃ ይሄ እኛ ጋ ይታይ አለ። ራይ ደግሞ ብር አልቆበታል። ከወራት በኋላ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆን ሂውስተን በራሱ ጉዳይ ህንድ ሲመጣ ድምፅ የሌለው ቁራጭ አሳዩት፣ እሱም ጥሩ ነው ብሎ ለዊለር መሰከረለት። ማስጨረሻውን የከፈለው የምዕራብ ቤንጋል መንግስት ነው፣ መዝገብ ላይ ግን ወጪው የመንገድ ማሻሻያ ተብሎ ነው የተያዘው (ቢሮክራሲ የትም አንድ ነው)። ፊልሙ ሜይ 3 ቀን 1955 ሞማ ታየ፣ ካልካታ የደረሰው ከዛ በኋላ ኦገስት ላይ ነው።

በ1956 ካን ሲሄድ ደግሞ ቀልጦ ሊቀር ነበር። የታየበት ሰዓት ከጃፓኖች ግብዣ ጋር ተጋጨና አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ካዩት ውስጥ የፓሪሱ የፊልም ማህደር ሰራተኛ ሎተ አይስነርና ሀያሲው አንድሬ ባዛን ነበሩበት፣ እነሱና ሌሎች ድጋሚ ይታይልን ብለው ወጥረው ያዙ፣ ታየ፣ ተሸለመ። እኔ ኪውሬተር (ለእይታ የሚቀርበውን ስራ የሚመርጥ) የምለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፣ መምረጥማ ማንም ይመርጣል።

ዛሬ ስራው ወደ ህንዶቹ ራሳቸው እየገባ ነው። የሙምባይዋ ጋዜጠኛ ሚናክሺ ሼዴ ከ20 ዓመት በላይ ለበርሊን የህንድና የደቡብ እስያ ፊልም ስትጠቁም ኖራለች። ቋንቋው ብቻ እኮ ስንት ነው፣ ማላያላም፣ ማራቲ፣ ታሚል፣ አሳምኛ፣ ጀርመን ቁጭ ብሎ ይሄን ሁሉ ማን ይከታተላል? ጎዋ ላይ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ፊልም ባዛር የሚባል (ከ2025 ወዲህ ዌቭስ ፊልም ባዛር) ገበያ አለ፣ ከየአገሩ የመጡ መራጮች ያላለቀ ፊልም ሳይቀር የሚያዩበት። ሪማ ዳስ አሳም ውስጥ በተወለደችበት መንደር ራሷ ካሜራ ይዛ ራሷ ኤዲት አድርጋ የሰራችውን ፊልም በ2017 ቶሮንቶ ወስዶ አሳየው፣ በቀጣዩ ዓመት ህንድ ለኦስካር ላከችው።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። ፌስቲቫሎች ከህንድ ድህነት፣ ገጠርና ዝምታ ሲያዩ ቶሎ ልባቸው ይቀልጣል፣ ዳይሬክተሮቹም ይሄን አያጡትም። ለዚህ ነው በ2012 ካን ላይ ከዋናው ውድድር ጎን ለጎን የሚካሄደው የዳይሬክተሮች ፎርትናይት የአኑራግ ካሽያፕን ጋንግስ ኦፍ ዋሲፑር፣ ከአምስት ሰዓት በላይ የሆነ ተኩስና ዘፈን፣ መቀበሉ ደስ የሚለኝ።

የአገር ቤቱ አመራረጥ ደግሞ ይብሳል። በ2024 የፓያል ካፓድያ ኦል ዊ ኢማጂን አዝ ላይት ከ30 ዓመት በኋላ ካን ዋናው ውድድር የገባ የህንድ ፊልም ሆኖ ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት ግራንድ ፕሪውን ወሰደ፣ ሙምባይ ውስጥ ስለሚሰሩ ነርሶች ነው። የህንድ ፊልም ፌዴሬሽን ግን ለኦስካር አላከውም፣ መራጮቹ ህንድ ውስጥ የተሰራ የአውሮፓ ፊልም እያዩ ያሉ መስሏቸዋል ተባለ። በምትኩ ላፓታ ሌዲስ ተላከ፣ እሱም መጀመሪያ የታየው በ2023 ቶሮንቶ ነው፣ የኦስካር አጭር ዝርዝር ውስጥም አልገባም።